በገመድ የተሰፉ መርከቦች፦ ከአዱሊስ እስከ ላሙ

በናይሮቢ መሃል ከተማ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም በሚጠራው ጎዳና ላይ ቆሞ ስለ ባሕር ማሰብ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ደገኛ ናት። ስሟም ከማሳይ ቋንቋ የተወረሰ ሲሆን ትርጉሙ ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ነው። እኛም ብንሆን አብዛኞቻችን የደጋ ልጆች ነን። ይሁን እንጂ ከጎዳናው ብዙም ወደማይርቀው የባቡር ጣቢያ ዘወር ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ናይሮቢን የወለዳት ባሕር መሆኑን ያስታውሳል። ከሞምባሳ ወደብ ተነስቶ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ያመራ የነበረው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1899 እዚህ ረግረጋማ ሜዳ ላይ ደርሶ ሰፈር ባይመሠርት ኖሮ፣ ዛሬ የምንመላለስባቸው ጎዳናዎች ባልኖሩም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ባሕር እንዳስብ ያደረገኝ ግን ሐዲዱ አይደለም፤ አንድ ቃል ነው።

የአንድ ቃል ታሪክ

ከዕለታት አንድ ቀን ስለ ኬንያ ሰሜናዊ የባሕር ጠረፍ የተጻፈ ሰነድ ወደ አማርኛ ስመልስ ብዕሬ ቆመ። የስዋሂሊው ጽሑፍ ስለ ዓሣ አጥማጆች ኑሮ ሲተርክ፣ ለእያንዳንዱ ተንሳፋፊ የየራሱን ስም ይሰጠዋል። ትልቁና ባለ ሸራው ጃሃዚ፣ ከእርሱ አነስ የሚለው ማሹዋ፣ ሁለቱም ጫፎቹ የሾሉት ዳው፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በጎንና በጎኑ የሚዛን እንጨት የተበጀለት ንጋላዋ፣ ከዚያም ቀላሉ የግንድ ታንኳ ምቱምብዊ። እኔ ለእነዚህ ሁሉ የነበረኝ ጀልባ የሚለው ቃል ብቻ ነበር። ትልቅ ሲሆንብኝ መርከብ፣ ትንሽ ሲሆንብኝ ታንኳ እያልኩ ገጹን ጨረስኩት። ሥራውን ባስረክብም ቅር እንዳለኝ ቀረሁ። ስለ ፈረስና ስለ በቅሎ፣ ስለ ጋሻና ስለ ጦር ሲሆን ቃል የማይቸግረው ቋንቋችን፣ ባሕር ዳር ሲደርስ ስለምን አንደበቱ ይያዛል?

የቃሉን ሥር ፍለጋ ስነሣ ግን ያልጠበቅሁትን አገኘሁ። ጀልባ ከዓረብኛው ጋር አንድ የሆነ ቃል ነው። በዓረብኛው ደግሞ በቀይ ባሕር ላይ ይመላለስ የነበረ የአንድ የተለየ መርከብ ስም ነበር። ኢብን ጁበይር የተባለው የአንዳሉስ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1183 ለሐጅ ሲጓዝ፣ በቀይ ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ ከነበረችው የአይዛብ ወደብ ወደ ጅዳ የተሻገረው በእንዲህ ያለች ጀልባ ነበር። ስለ አሠራሯም ዘርዝሮ ጽፏል። እንደ እርሱ ምስክርነት፣ በጀልባዋ ላይ አንድም የብረት ሚስማር አልተመታባትም። ሳንቃዎቿ የተሰፉት ከኮኮናት ፍሬ ልባስ በተፈተለ ገመድ ነው። ሸራዋም የጨርቅ ሳይሆን ከዘንባባ መሰል ዛፍ ቅጠል የተሠራ ሰሌን ነበረች። እንጨቱ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ ዘይት ይቀባል፤ ከዘይቶቹም ሁሉ የሚመረጠው ከሻርክ ዓሣ የሚወጣው ነበር። ኢብን ጁበይር ባለ ጀልባዎቹን ግን አያመሰግናቸውም። ለገንዘብ ሲሉ ተሳላሚዎችን አንዱን በአንዱ ላይ እንደሚጭኑና ለነፍሳቸው እንደማይጨነቁ በምሬት ይናገራል።

ስለዚህ ዛሬ በጣና ላይም ሆነ በባቦጋያ ላይ ለምትንሳፈፍ ማንኛዋም ባለ ሞተር የምንሰጠው ስም፣ በጥንት ዘመኑ የተሰፋች የቀይ ባሕር መርከብ ስም ነበር። ቃሉ ከባሕሩ ዳር ወደ ደጋው ወጥቶ ኖረ፤ የተሰፋችው መርከብ ግን ከትዝታችን ጠፋች። በግእዝም ቢሆን መርከብን ሐመር እንላለን፤ የኖኅን መርከብ ሐመረ ኖኅ ብለን በቤተ ክርስቲያን ስናወሳ እንኖራለን። የቃሉን ክብር አቆይተናል፤ የነገሩን መልክ ግን አላቆየንም።

ከአዱሊስ በፊትም በኋላም

የተሰፉ መርከቦች ታሪክ ከኢብን ጁበይር ዘመን እጅግ የቀደመ ነው። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በግብፅ ይኖር እንደነበር የሚገመት ስሙ ያልታወቀ ነጋዴ በግሪክ ቋንቋ የጻፈው የባሕር መንገድ መጽሐፍ፣ የኤርትራ ባሕር ጉዞ በመባል ይታወቃል። ይህ ነጋዴ ከምጽዋ በስተደቡብ በዙላ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ ስለነበረችው ስለ አዱሊስ ይተርካል። ወደ ውስጥ ዘልቆም የአክሱምን ከተማ ያነሣል። በዚያ ወራት የአካባቢው ገዥ የነበረውን ዞስካሌስንም ለሀብቱ ስስታም፣ የግሪክ ጽሕፈት ግን የሚያውቅ ሰው አድርጎ ይሥለዋል።

ይኸው መጽሐፍ ከአፍሪካ ቀንድ አልፎ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ዛሬ የሶማሊያ፣ የኬንያና የታንዛኒያ የባሕር ጠረፍ የሆነውንም ምድር አዛንያ ይለዋል። የመጨረሻዋ የንግድ ከተማ ራፕታ ትባላለች። ስሟም ከተሰፉት ጀልባዎቿ የተገኘ መሆኑን ጸሐፊው ራሱ ይነግረናል፤ በግሪክኛ ራፕታ ማለት የተሰፋ ማለት ነውና። የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ልብስ ከዚያ ይጫን ነበር። እነሆ፣ አዱሊስና የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ፣ በአንድ የነፋስ መንገድ ላይ ተጽፈው ይገኛሉ። ናይሮቢ ከመቆርቆሯ በፊት ወደ 1,800 ዓመታት ገደማ መሆኑ ነው።

በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አፄ ካሌብ እ.ኤ.አ. በ525 ገደማ ባሕር ተሻግረው ወደ ሂምያር በዘመቱበት ዘመን፣ የቢዛንጥዮሱ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ሕንድ መርከቦች አንድ ክርክር አንሥቷል። በዚያ ባሕር የሚሄዱ መርከቦች እንደ ሌሎቹ በሚስማር አይገጠሙም፤ በገመድ ይታሰራሉ ይላል። የብዙ ሰዎችን ሐሳብ በመጥቀስም፣ ብረትን የሚስቡ ዓለቶች በባሕሩ ውስጥ ስላሉ ነው የሚባለውን ተረት ውድቅ ያደርጋል። ብዙ ብረት ያለባቸው የሮማውያን መርከቦች በዚያው ባሕር ሲሄዱ አንዳች አልደረሰባቸውም ሲል ይሞግታል። ለእርሱ ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የአገሩ ሰዎች ለዚህ የሚሆን ብረት የላቸውም፤ ሮማውያንም እንዲሸጥላቸው በሕግ ከልክለዋል።

የፕሮኮፒዮስ ማብራሪያ ከፊል እውነት አለው። ግን ሙሉ አይደለም። ስፌት የድህነት ምልክት ብቻ አልነበረም፤ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነበር። በሚስማር የተገጠመች መርከብ ከኮራል ድንጋይ ጋር ስትላተም ትሰበራለች። የተሰፋችው ግን ትለመጣለች፤ ማዕበል ወደ አሸዋው ሲጥላትም ምቱን ትችላለች። ሳንቃዋ ቢጎዳ ስፌቱ ተፈትቶ ሌላ ይተካል። ብረት በጨው ውሃ ይዝጋል፤ የኮኮናት ገመድ ግን በጨው ውሃ ውስጥ ረዥም ዕድሜ አለው።

የላሙዋ ምቴፔ

ይህ ጥበብ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ከቆየባቸው ቦታዎች አንዱ የኬንያ ሰሜናዊ ጠረፍ ነው። ከሞምባሳ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ሶማሊያ ድንበር ሲጠጉ የላሙ ደሴቶች ይገኛሉ። ላሙ፣ ማንዳና ፓቴ ዋነኞቹ ሲሆኑ፣ ትናንሾቹ ደግሞ እስከ ኪዋዩና ከዚያም እስከ ባጁኒ ደሴቶች ይዘልቃሉ። በፓቴ ደሴት ላይ ሻንጋ በተባለው ስፍራ በ1980ዎቹ የተካሄደው ቁፋሮ፣ በቦታው ከስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የንግድ ሕዝብ ይኖር እንደነበር አሳይቷል። የላሙ ጥንታዊት ከተማ እ.ኤ.አ. በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች።

የዚህ አገር የተሰፋች መርከብ ምቴፔ ትባል ነበር። አንድ ምሰሶና አራት ማዕዘን የሆነች አንዲት ሸራ ነበራት። ሸራዋም፣ ከኢብን ጁበይር መርከብ ጋር በሚያስደንቅ ሁኔታ በሚመሳሰል መልኩ፣ ከዘንባባ ቅጠል የተሠራች ሰሌን ነበረች። የፊቷ አንገት ረዝሞ ወደ ላይ ይቀናል፤ በግራና በቀኝም ዓይን ይሣልበታል። የአገሩ ሰዎች ይህ አንገት የነቢዩ መሐመድ ተወዳጅ ግመል መታሰቢያ ነው ይሉ ነበር።

አሠራሯም የብዙ እጅ ሥራ ነበር። የኮኮናት ልባስ መጀመሪያ በባሕር ዳር ጭቃ ውስጥ ለወራት ይዘፈዘፋል። ከዚያም ተወቅጦ ቃጫው ይለያል፤ ታጥቦና ደርቆም በመዳፍ ይፈተላል። ሳንቃዎቹ ዳርና ዳራቸው ተበስቶ በዚያ ገመድ ይሰፋሉ፤ ቀዳዳውም በእንጨት ውታፍ ይደፈናል። ሥራው ተጠናቀቀ ሲባልም አያልቅም። ውሃ ወደ ውስጥ መስረጉ ስለማይቀር፣ በጉዞ ሁሉ አንድ ሰው ውሃ እየቀዳ ማፍሰስ ነበረበት። ስፌቱም በየጊዜው ይታደሳል። ምቴፔ ሠርተው የሚተዋት ዕቃ አልነበረችም፤ እንደ ከብት ዘወትር የምትጠበቅ ነበረች።

ነፋስና ዛፍ

የባሕር ዳሩን ኑሮ የሚገዙት ሁለት ነፋሳት ናቸው። ካስካዚ የሚባለው የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ይነፍሳል፤ የዓረብንና የሕንድን መርከቦች ወደ አፍሪካ የሚያመጣው እርሱ ነው። ኩሲ የሚባለው የደቡብ ነፋስ ደግሞ ከሚያዝያ ጀምሮ ተነሥቶ ወደ አገራቸው ይመልሳቸዋል። በእኛ ደጋ ገበሬው ሰማዩን አይቶ ሞፈር እንደሚያነሣ፣ በዚያም መርከበኛው ነፋሱን አሽትቶ መልሕቅ ያነሣል። ነፋሱ እስኪለወጥ ድረስ ወራት መጠበቅ ስለነበረበትም፣ መጪው ሰው ቤት ሠራ፤ ሚስት አገባ፤ ቋንቋ ተቀላቀለ። ስዋሂሊ ባሕርን ባሃሪ፣ እኛም ባሕር ማለታችን ሁለቱ ቋንቋዎች ከዓረብኛና ከግእዝ ዘመዳቸው ጋር ሲገናኙ የሚሰማ የቆየ ድምፅ ነው።

ከነፋሱ ቀጥሎ የሚከበረው ዛፉ ነው። የላሙ ደሴቶች በማንግሮቭ ደን የተከበቡ ናቸው፤ ከኬንያ የማንግሮቭ ደን ከግማሽ የሚበልጠው የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው። ይህ ዛፍ ሥሩን በጨው ውሃና በጭቃ ውስጥ ተክሎ ይኖራል። ባሕሩ ሲሞላ ዓሦች በሥሮቹ መካከል ገብተው ይራባሉ። ሸርጣንና የባሕር ወፎች ይጠለሉበታል፤ ማዕበሉም አፈሩን እንዳይወስደው ያግዳል። ግንዱ ቀጥ ያለና ምስጥ የማይደፍረው በመሆኑ ለቤት ክዳን ወራጅ ይሆናል። የጥንቶቹ የላሙ ቤቶች ክፍሎች ጠባብና ረዣዥም የሆኑት የማንግሮቭ ግንድ ርዝመት ከዚያ በላይ ስለማይፈቅድ ነው። የሰው ቤት ስፋት በዛፍ ቁመት ተለክቷል ማለት ነው። ይህ ግንድ ቦሪቲ ተብሎ ዛፍ ወደሌላቸው የዓረብና የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ከተሞች ለዘመናት ሲጫን ኖሯል። የኬንያ መንግሥት ደኑ መመናመኑን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1982 ወደ ውጭ መላኩን አግዷል።

ይህን ሳነብ ጣና ትዝ አለኝ። የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ይታጨዳል፤ ይደርቃል፤ እየተጠቀለለ በገመድ ይታሰራል። በዚህ ሥራ ስማቸው የሚነሣው የወይጦ ማኅበረሰብ ሰዎች፣ ሚስማር የማያውቅ ጥበብ ይዘው እስከ እኛ ዘመን የደረሱ ናቸው። እዚያም እዚህም የጀልባው ዕድሜ በተክሉ ዕድሜ የተወሰነ ነው። የጣና ዳር ደንገል በእርሻ መስፋፋትና በመታጨድ እየሳሳ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መኖሩ የታወቀው እምቦጭ ደግሞ ሌላ መከራ ሆነ። ደንገል ከጠፋ ታንኳ ይጠፋል። ታንኳ ከጠፋም የአሠራሩ ቃላት ሁሉ አብረው ይሄዳሉ።

ሚስማር ሲመጣ

የምቴፔ መጥፋት በአንድ ቀን የሆነ አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን የብረት ሚስማር በርካሽ መገኘት ሲጀምር፣ በሚስማር የተገጠመው ጃሃዚ እየበረታ ሄደ። ብዙ ጭነት ይችላል፤ ውሃ እንደ ልብ አያሰርግም፤ በየጊዜው ልስፋህ አይልም። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ምቴፔ ከባሕሩ ላይ ጠፋች። ዛሬ የምትታየው በሥዕልና በትናንሽ አምሳያዎች ነው። የጃሃዚ ሥራ ግን በላሙ ደሴት በማቶንዶኒ መንደር እስካሁን ስሙ ይነሣል።

እውነቱን ለመናገር እነዚህ መርከቦች ሁልጊዜ በረከት ብቻ አልጫኑም። የላሙና የአካባቢው ዋና ምድር እርሻዎች በባሪያ ጉልበት የሚለሙ ነበሩ፤ በኬንያ ጠረፍ የባርነት ሕጋዊነት የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። በቀይ ባሕርም በኩል ከምጽዋና ከሌሎች ወደቦች ስንት የሐበሻ ልጅ በጀልባ ተጭኖ እንደ ተሻገረ ታሪክ ያውቀዋል። ስለዚህ ባሕሩን ስናወድስ በእርሱ ላይ የተለቀሰውን መርሳት አይገባም። የደጋው ሰው ባሕርን በሩቅ መፍራቱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

የላሙ ወደብና እኛ

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ለማንበብ ደስ የሚል ወግ ሆኖ በቀረ ነበር። ነገሩ ግን የዛሬ ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1955 የባሕር ኃይል አቋቁማ በምጽዋ መኮንኖችን ስታሠለጥን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 መንግሥት ሲለወጥ መርከቦቹ ወደ ጎረቤት አገሮች ተበተኑ። እ.ኤ.አ. በ1993 ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን፣ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የሌላት አገር ሆነች። ከዚያ ወዲህ ወደብ የሚለው ቃል በእያንዳንዱ ቤት የሚነሣ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2 ቀን 2012 የኬንያው ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ፣ የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊና የደቡብ ሱዳኑ ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር በላሙ ተገናኝተው፣ ላሙን ከሁለቱ አገሮች ጋር በመንገድ፣ በባቡርና በነዳጅ ቧንቧ የሚያገናኘውን ታላቅ ዕቅድ አስጀመሩ። 32 መርከብ ማቆሚያዎች ይኖሩታል የተባለው ወደብ የመጀመሪያው ማቆሚያ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ሥራ ጀመረ። በካርታው ላይ መስመሩ ከላሙ ተነሥቶ በኢሲዮሎና በሞያሌ በኩል ወደ አገራችን ይዘልቃል። ከዚህ ከተማ ወደ አገር ቤት በየብስ የተጓዘ ሁሉ ከመንገዱ ከፊሉን ያውቀዋል።

ነገር ግን መስመሩ የሚነሣበት ነጥብ ባዶ ስፍራ አልነበረም። የወደቡ ግንባታ ባሕሩን ቆፍሮ፣ ማንግሮቩን ቆርጦ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ለትውልድ የኖሩበትን ውሃ ዘጋ። ጃሃዚና ማሹዋ ይዞ ጥልቅ ባሕር የማይደፍር ዓሣ አጥማጅ፣ ከጠረፉ ሲባረር ሌላ ባሕር የለውም። ነዋሪዎቹ ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2018 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሕዝቡ በአግባቡ አልተመከረም፤ የባህልና የአካባቢ መብቱም ተጥሷል ሲል ፈረደላቸው። ለ4,600 ያህል ዓሣ አጥማጆችም 1.76 ቢሊዮን ሽልንግ ካሣ እንዲከፈል ወሰነ። ከፍርዱ በኋላ የይግባኝና የድርድር ዓመታት ተከተሉ። በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019፣ የኬንያ የአካባቢ ጉዳይ ልዩ ፍርድ ቤት በላሙ ሊተከል ታስቦ የነበረውን የድንጋይ ከሰል የኤሌክትሪክ ማመንጫ ፈቃድ ሰረዘ። አንዱ ዐቢይ ምክንያት አሁንም ሕዝቡን በሚገባ አለማማከር ነበር።

ወደብ መፈለጋችን ኃጢአት አይደለም። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር የባሕር በር ቢመኝ የሚፈረድበት አይሆንም። ነገር ግን የምንመኘው ወደብ የሌላ ሰው ጓሮ መሆኑን ማወቅ ይገባናል። የአባይን ዳር ገበሬ ሳያማክሩ ስለ አባይ የሚወስኑ ሰዎች እንደሚያስቆጡን ሁሉ፣ የላሙን ዓሣ አጥማጅ ሳያውቁ ስለ ላሙ መናገርም ሊያሳፍረን ይገባል። ቢያንስ የጀልባውን ስም ማወቅ መጀመሪያ ይሁን።

በዚህ ረገድ ከእኛ፣ በዚህች ከተማ ከምንኖረው፣ የሚጠበቅ ነገር አለ። ሁለቱን ቋንቋዎች እናውቃለን። ላሙም ከአዲስ አበባ ይልቅ ለእኛ ትቀርባለች። ከመካከላችንም በምጽዋ ወይም በአሰብ በወደብ ሠራተኝነት፣ በመርከበኝነት ወይም በዓሣ ማጥመድ ያሳለፉ አባቶችና እናቶች ካሉ፣ የሚያውቋቸውን የባሕር ቃላት ለልጆቻቸው ቢያስጽፉ ትልቅ ውለታ ነው። የነፋሱን ስም፣ የሸራውን ክፍል፣ የገመዱን ቋጠሮ፣ የዓሣውን ዓይነት። በጣና ዳር ዘመድ ያለውም የደንገሉን ታንኳ ክፍሎች ስም ጠይቆ ይመዝግብ። ያን ሰነድ ስተረጉም ያጣኋቸው ቃላት ምናልባት በአንድ ሽማግሌ አፍ ላይ በሕይወት ይኖሩ ይሆናል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ አበው። በላሙ ደግሞ ድሩ አብሮ ባሕር ተሻገረ። አንድ የኮኮናት ቃጫ በራሱ ደካማ ነው፤ ሲፈተል ግን በአዱሊስና በራፕታ መካከል ያለውን ውሃ ያሻገረ መርከብ ይዞ ኖሯል። ያ መርከብ የኖረው በየጊዜው የሚሰፋው ሰው እስካለ ድረስ ነበር፤ ሰፊው ባይኖር ሳንቃው ተለያየ። የቃላቱም ነገር እንዲሁ ነውና፣ የምናውቀውን እንጻፍ።